የቀጨሞ ገበያው ብር ሰሚ

ጨው ገንዘብ በነበረበት፣ ብርም ባንገት በሚታሰርበት በዚያ ዘመን፣ የነገሩን ነግረውን አልፈዋል፤ እኛም ሳናልፍ እንንገራችሁ፤ ከወሎ ቆላ ወደ ደጋው በሚወጣው የነጋዴ መንገድ ላይ ቀጨሞ የሚባል ገበያ ነበር። ስሙን ያገኘው መሃሉ ላይ ከቆመው ትልቅ የቀጨሞ ዛፍ ነው። ከዛፉ ሥር፣ ባንዲት ያረጀች የፍየል ቆዳ ላይ፣ ሙሄ የሚባል ሰው ይቀመጥ ነበር።

ሙሄ መሬት የለው፣ በሬ የለው። ሥራው ብር መመንዘር ነበር። ብር ይዞ ለመጣ አሞሌ ጨው ይሰጣል፤ አሞሌ ይዞ ለመጣ ብር ይሰጣል። ከመካከሉ የምትተርፈው የጨው ስባሪ እራቱ ናት። አንዳንድ ቅዳሜ እራቱ ትንሽ ነበረች፤ አንዳንድ ቅዳሜ ጭራሽ አልነበረችም።

ይህ ድሃ ታዲያ ጆሮ ነበረው። ያኔ ብር ማለት ከባሕር ማዶ የመጣው፣ የወይዘሮ መልክ ያለበት ጠገራ ነው። ሐሰተኛ ሠሪም አይጠፋም ነበርና እርሳስና ቆርቆሮ እያቀለጠ ያንኑ መልክ ያትምበታል። ዓይን ይታለላል። ሙሄ ግን ብሩን ተቀብሎ ከጥቁር ድንጋይ ላይ ይጥለውና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። እውነተኛ ብር ይጮሃል፤ ጩኸቱም ቶሎ አይሞትም። እርሳስ ዱብ ብሎ ዝም ይላል። ሙሄ «ተናግሯል» ካለ ብሩ ያልፋል። «አልተናገረም» ካለ ከቀጨሞው ግንድ ላይ በምስማር ይቸነከራል። ያመጣውም ሰው ብር ቀጣፊ ተብሎ ከገበያ ይባረራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሸጥለት የለም፣ የሚገዛው የለም። እንግዲህ በዚህ እራት በሌለው ሰው አፍ ላይ የሰው ስም ተንጠልጥሎ ይውል ነበር። እሱም ይህን ያውቃል፤ አንዱን ብር ሦስት ሦስት ጊዜ ሳይጥል አይናገርም።

በዚያ አገር ባላምባራስ ጓንጉል የሚባሉ ጌታ ነበሩ። ያበድራሉ፣ መያዣ ይይዛሉ። የዚያች አምባር፣ የዚህች ድሪ፣ የዚያ ጎራዴ፣ ሁሉም እሳቸው ጓዳ ነበር። የገባውን ሁሉ ያየ ሰው አለ፤ የወጣውን ያየ ግን ብዙ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ባላምባራስ በቅሎ ሊገዙ መጡ። አሽከራቸው ብሩን ቆጠረና ለበቅሎው ባለቤት ሰጠ፤ ባለቤቱም ወደ ሙሄ አመጣው። ሙሄ ጣለ፣ አዳመጠ። ከብሮቹ ሦስቱ አልተናገሩም። ይህንኑ አለ። አሽከሩ በዱላው ጫፍ አፉን መታውና «ደግመህ ስማ» አለው። ደግሞ ሰማ። «አልተናገሩም» አለ። ሁለተኛ መታው። ሙሄ ደሙን ተፍቶ፣ ከደሙ ጋር ጥርሱንም ተፍቶ፣ ሦስተኛ ጣላቸው። «ጌታዬ፣ እኔን መምታት ይቻላል፤ እርሳስ ግን ቢመቱትም አይጮህም» አለ።

ገበያው ሳቀ። ባላምባራስም ብልህ ነበሩና አብረው ሳቁ። ጥፋቱ በአሽከሩ ተላከከ፤ ተባሮ የሄደውም አሽከሩ ነው። ደንብ እንደ ሸረሪት ድር ነው፤ ዝንብ ይይዛል እንጂ ባላምባራስ አይይዝም። ሦስቱ ብሮች ከግንዱ ላይ ተቸነከሩ። የሙሄም ስም በሦስት ወረዳ ተሰማ፤ «የሙሄ ጆሮ አይስትም» ተባለ። ይህንን አባባል ልብ በሉልኝ፤ ድሃን ሰው እንዲህ ማመስገን አደጋ አለው፣ ያምነዋልና።

ሙሄም አመነው።

ከዚያ በኋላ ነው ጦይባ የመጣችው። ጦይባ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏ ታሞ በተኛ ጊዜ መሬቷን ለባላምባራስ ጓንጉል በወለድ አገድ ሰጥታ አሥር ብር ተበደረች። ወለድ አገድ ማለት ብሩ እስኪመለስ ድረስ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ይበላል ማለት ነው። እስከ ሦስተኛው ዓመት ግንቦት ማብቂያ ካልመለሰች ደግሞ መሬቱ ለዘለዓለሙ ያበዳሪው ይሆናል። ባሏ አልዳነም። እሷ ግን ሦስት ዓመት ጥጥ ፈተለች፣ ፈትሉን ሸጠች፣ ጨው ቆጥባ ብር አደረገች። ዘጠኝ ሞላላት። አሥረኛው እናቷ ያወረሰቻት ነበር።

የግንቦት የመጨረሻዋ ቅዳሜ አሥሩን ብር በመቀነቷ ቋጥራ መጣች። ባላምባራስ ብሩን በእጃቸው እንኳ አልነኩትም። «ሙሄ ይስማው» አሉ።

ሙሄ ሰማ። ዘጠኙ ተናገሩ። አሥረኛው ድንጋዩን መታና ዝም አለ።

«አልተናገረም» አለ ሙሄ።

ጦይባ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «አያ ሙሄ፣ እሱማ ከእናቴ አንገት የወረደ ነው። ልጅ ሆኜ ስጫወትበት ነው ያደግሁት።»

«እህቴ፣ እኔ የምጠይቀው ብሩን ነው፤ አንገቱን አይደለም» አላት። ገበያው ሳቀ። ሙሄም፣ አላህ ይማረው፣ ሳቁ ደስ አለው።

«አንዴ ድገመው እስቲ» አለች።

ደገመው። ሦስት ጊዜ ጣለው፣ ሦስት ጊዜ ዱብ ብሎ ዝም አለ። ሙሄ አዘነላት፤ አላዘነም አልልም። ግን በልቡ «ለጌታ ያላዳላሁ ለድሃ ላዳላ?» አለ። ይህም እውነት መሰለው። «አልተናገረም» ብሎ ጨረሰ።

ብሩ ከግንዱ ላይ ተቸነከረ። መሬቱ ለባላምባራስ ቀረ። ጦይባ ዘጠኙን ብር ሰብስባ ከሙሄ ፊት ቆመች። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ» አለችው። «የኔን በቁሜ ቀበርከው።» ይህን ብላ ወደ ቆላው ሄደች። ልጆች «ብር ቀጣፊ» እያሉ እስከ ወንዙ ተከተሏት።

ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን ዝናብ አባርቶ ገበያው ሳይሞላ፣ ሙሄ ግንዱን ተደግፎ ቀና ሲል የተቸነከሩትን ብሮች አየ። የባላምባራስ ሦስት ብሮች አመድ መስለዋል። የጦይባ ግን ጠቁሯል፤ እንደ አሮጌ አምባር ጠቁሯል። ሙሄ ልቡ ደነገጠ። እርሳስ ያመዳል፤ የሚጠቁረው ብር ነው።

ተነሥቶ በድንጋይ ምስማሩን ነቀለና ብሩን በመዳፉ ያዘው። ሁለት ቀዳዳ ነበረው። አንደኛው የምስማሩ ነው፣ ጠርዙ ጣት ይቧጭራል። ሁለተኛው ከጠርዙ አጠገብ ነው፣ ትንሽና ክብ፣ ጠርዙም ለስላሳ። ብርን እንዲህ የሚያለሰልሰው ክር ብቻ ነው፤ የስንት ዓመት ክር።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባው። የጦይባ እናት ብሩን አስበስታ ባንገቷ አስራው ኖራለች። ኋላ ክፉ ቀን መጥቶ ልትሸጠው አስባለች፤ የተበሳ ብር ደግሞ ነጋዴ አይቀበልም። ስለዚህ አንጥረኛ ዘንድ ወስዳ ቀዳዳውን በብር አስደፍናዋለች። የተደፈነ ብር እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ነው፤ ቢያንኳኩት አይጮህም። ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ድፍኑ ወልቆ ወደቀ። ብሩ እውነተኛ ነበር፤ የሄደው ድምፁ ነው። ጦይባ ይህን ባታውቅ አይፈረድባትም። ብር ሰሚው ግን ከአንገት የወረደ ነው ስትለው «ታዲያ ክሩ የገባበት ቀዳዳ የታል?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። አልጠየቀም። ጆሮውን ለብሩ ሰጥቶ ሴቲቱን ሳይሰማት ቀረ።

ማንም አላየውም። ብሩን ወደ ግንዱ መልሶ ቢቸነክረው የሚያውቅ የለም። ሙሄ ይህን አላሰበም ብል ዋሸሁ፤ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሲያስብ ከረመ። «ጆሮው ይስታል» ከተባለ ነገ ማን ብር ያስሰማዋል? እራቱስ ከየት ትመጣለች? በአራተኛው ሳምንት ያለችውን አሞሌ ሁሉ በስልቻ ሞልቶ፣ ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ፣ ወደ ቆላው ወረደ።

ሁለት ቀን ሄደ። ጦይባን በሰው ማሳ ላይ ጥጥ ስትለቅም አገኛት። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው ከመንገድ ድንጋይ አንሥቶ በትከሻው ተሸከመ፤ ተሸክሞም ፊቷ ቆመ። ድንጋዩን መሬት አስቀምጦ ብሩን ሰጣት፣ ቀዳዳውን አሳያት፣ ሁሉንም ነገራት። «ካሳም ይዣለሁ» ብሎ ስልቻውን አመለከታት።

ጦይባ ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰች። አለቀሰች። ቆይታም ዓይኗን ጠረገችና «አንተ እዚህ ይቅር እንድልህ ፈልገህ ነው?» አለችው።

ሙሄ በእውነት የፈለገው እሱን ነበር።

«አያ ሙሄ፣ ጨውህን አንሣ። እዚህ ማሳ ላይ ያንተን ይቅርታ የሚሰማው ጥጥ ብቻ ነው። የኔ ስም የጠፋው ቀጨሞ ላይ ነው።»

ሙሄ ጨውን ሳይሆን ድንጋዩን እንደገና አነሣ። ሁለት ቀን እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ ዳገቱን ወጡ። በቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ ከዛፉ ሥር ደረሱ። ሙሄ ከፍየል ቆዳው ላይ አልተቀመጠም። ድንጋዩን ተሸክሞ ቆመና ተናገረ። «እኔ ሙሄ ስቻለሁ። የጦይባ ብር እውነተኛ ነበር። ሐሰተኛው የኔ ፍርድ ነው።»

ባላምባራስ ጓንጉል ግን ብልህ ናቸው አላልኩም? «እንግዲያማ የኔን ሦስት ብርም በስሕተት ነው የቸነከረው» አሉ። አንድ ሽማግሌ ከግንዱ አንዱን ነቅለው በጥርሳቸው ነከሱት። እርሳስ ለስላሳ ነውና ጥርሳቸው ተተከለበት። አውጥተው ለባላምባራስ አሳዩዋቸው፤ ከዚያ በኋላ ባላምባራስ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ሽማግሎቹ ፈረዱ። የጦይባ ብር ያን ቀን ሙሉ ነበር፤ መሬቷ ይመለስላት አሉ። ስሟን ደግሞ ያጠፋው ሰው ራሱ ያንሣው አሉ። ሙሄ ድንጋዩን እንደተሸከመ ገበያውን ዞረ፤ እህል ተራ፣ ከብት ተራ፣ ጨው ተራ፣ ፈትል ተራ። በያንዳንዱ ቆሞ «ጦይባ እውነተኛ ናት፣ የሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። ሲጨርስ ድንጋዩን ከትከሻው ያወረደችው ጦይባ ናት።

ከዚያ ቀን በኋላ ብር ሊያሰማ የመጣ ሰው አልነበረም። ሙሄም የፍየል ቆዳውን ጠቅልሎ በቀን ሠራተኛነት እህል ይሸከም ጀመር። እንዲህ ሲል ሌላ ክረምት አልፎ ጥር ገባ። ጦይባ በገዛ መሬቷ ያመረተችውን ጤፍ ሸጣ አንዲት ብር አገኘችና የተሸከመውን ጆንያ እስኪያወርድ ጠብቃ «ስማልኝ» አለችው።

«እህቴ፣ የኔ ጆሮ የሳተ ጆሮ ነው። ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«እኔ የምፈልገው የሳተውን ነው» አለችው። «ያባረረኝ አይስትም የተባለው ነው።»

ሙሄ ቆዳውን ዘረጋ። ብሩን ተቀበላት፤ ነገር ግን ወዲያው አልጣለውም። መጀመሪያ «ከየት አገኘሽው?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ማን እንደገዛት፣ በስንት እንደገዛት ነገረችው። ነግራ እስክትጨርስ ሰማት፤ ከዚያ በኋላ ብሩን ጣለው። እስኪሞት ድረስ እንደዚያ ሠራ። ሥራው ከድሮው ይዘገይ ነበር፤ ሰው ግን ተሰልፎ ይጠብቀው ጀመር።

እንግዲህ ጠገራው ቀርቶ ወረቀት መጣ፤ ዛፉም ወድቆ ማገዶ ሆነ። በዚያ አገር ግን ሽማግሎች ለፍርድ ሲቀመጡ፣ ነገሩ ግልጽ ሆኖ፣ ጥፋተኛው ታውቆ፣ ሁሉም «ይፈረድበት» ሲል፣ ከመካከላቸው አንዱ «ሙሄም ስቶ ነበር» ይላል። ይህ ከተባለ በዚያ ቀን አይፈረድም። የተከሰሰው ሰው እንደገና ይጠራና «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረን» ይባላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተከስሼ ስቆም ይህን ቃል ሰምቼአለሁ፤ ነገሬንም ከመጀመሪያው ተናገርኩ። ሙሄ ሺህ ብር በትክክል ሰምቷል፤ እሱን የሚያነሣለት የለም። የሚነሣለት የሳታት አንዲት ናት፤ በሷም ስንት ሰው ከነስሙ ቤቱ ገብቷል።