ከመጽሐፉ ያለፈው ቁጥር

በአንድ ወቅት ኦርጋን የሚጫወት ባል ነበረኝ። ያደታ ይባላል። ወለጋ ውስጥ ባለችው ትንሽ ከተማችን፣ በሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን፣ በእግር የሚረገጠውን አሮጌ ኦርጋን ሃያ ስድስት ዓመት ተጫውቷል። መርዶው የደረሰኝ ዓርብ ከሰዓት ልብስ ሳሰጣ ነው። ሽማግሌዎቹ በግቢው በር ሲገቡ ቄሱ ኮፍያቸውን አውልቀው ነበር፤ የቀረውን መስማት አላስፈለገኝም። ለኦርጋኑ ወናፍ ቆዳ ሊገዛ ነቀምት ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና ገደል ገብቷል። እርጥብ ሸሚዙ እጄ ላይ ነበር።

ያደታ የእሑዱን መዝሙሮች ቁጥር ራሱ ሰሌዳው ላይ ይሰቅል ነበር። ሦስቱን ዓርብ ጠዋት፣ የመዝጊያውን ግን እሑድ ጠዋት። አምልኮው ሲያልቅ የኦርጋኑን ክዳን ይቆልፍና ቁልፉን ለእኔ ይሰጠኛል። «ከእኔ በኋላ፣ የጀመርኩትን ለጨረሰ ስጪው» ይለኝ ነበር። እኔም «ቀድሜህ ብሞትስ?» እለው ነበር።

ቅዳሜ ቀበርነው። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ አራት ቁጥር አገኘን። ሦስቱን እሱ ሰቅሏቸው ሄዷል። አራተኛው 406 ይላል። የመዝሙር መጽሐፋችን የሚያልቀው 400 ላይ ነው።

«ስድስቱን ገልብጠው ሰቅለውት ይሆናል» አለ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው።

«ዘጠኝ ቢሆንስ የት ልታገኘው ነው?» አለችው ሚስቱ።

የሰቀለው ሰው ተፈልጎ ጠፋ። ቡራኬው እንዳለቀ የኦርጋኑ መርገጫዎች ብቻቸውን ይወርዱ ጀመር፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ክዳኑ ተቆልፏል፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ማንም የማያውቀው ዜማ ተነሣ፣ ከፍ አለና መሀል ላይ አየር እንዳጠረው ሰው ሲጥ ብሎ ተቋረጠ። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተጋፋ። እኔ አልተነሣሁም። ያደታ ሲረግጥ ግራ እግሩ ትንሽ ይዘገያል። ግራው መርገጫም ይዘገይ ነበር።

ቁጥሩን አወረድነው። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሶ ተሰቅሎ ነበር፤ ዜማውም መጥቶ እዚያው ላይ ተቋረጠ። ግማሹ ወንበር ባዶ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እስከ አራተኛው እሑድ ካላቆመ ኦርጋኑ ተሰባብሮ ይቃጠል ብለው ወሰኑ። በዚህ ጊዜ ነው ሦስት ሰዎች የተነሡት።

ነሞምሳ የመዘምራኑ መሪ ነው። ከያደታ ጋር ለዓመታት አልተስማሙም፤ እሱ ኪቦርድ ይግባ ይላል፣ ያደታ አይገባም ይላል። በዚያ ሁለተኛ እሑድ ሰው ሲሸሽ እሱ ወደ ፊት ሄዶ ጆሮውን በኦርጋኑ እንጨት ላይ ለጠፈ። «አንተ ሰውዬ፣ ውጣ እንጂ!» ሲሉት «ዝም በሉ፣ ገና አልጨረሰም» አለ። የሰማውን ግማሽ በቃሉ ያዘ። የጎደለውን ግማሽ ከራሱ ልብ ሞልቶ ለመዘምራኑ አስጠና።

ሶሬቲ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ናት። በዚያች ዓርብ መኪናው ውስጥ ያደታ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ክንዷ ተሰብሮ ተረፈች። በሦስተኛው እሑድ ከዜማው በፊት ተነሥታ ቆመች። «ቃሉ እኔ ጋ አለ» አለች። ያደታ በመንገድ ላይ አዲስ መዝሙር በጣቱ እየቆጠረ ያጉተመትም ነበር፤ ሁሉንም ይዛዋለች።

«እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«እትዬ፣ ‹ጋሼ፣ ድምፅ አውጥተው ይዘምሩልኝ› ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሾፌሩም ሊሰማ ዞር አለ።»

ይህን በጉባኤው ሁሉ ፊት ተናገረች። ከዚያም ቃሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወረደችው። የሾፌሩ እናት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ሂርጳ የያደታ ታናሽ ወንድም ነው፤ አናጢ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ዐሥር ዓመት ሆኖታል። የኦርጋኑን ጀርባ ፈቶ አየና «ወናፉ ተቀዷል፤ እንዴት ይጨርስ?» አለ። የሚሆን ቆዳ በከተማው ጠፋ። እኔ ከቤት በሌለሁበት ገብቶ የያደታን የቆዳ ኮት ቆረጠው። ያልታጠበ፣ ጠረኑ ያለበት ልብስ እሱ ብቻ ነበር የቀረኝ።

«ሂርጳ፣ ምን አደረግክ?» ብዬ ጮኽኩ።

«ወንድሜ ትንፋሽ እያጠረው፣ አንቺ ኮት ታሸቻለሽ?» አለኝ።

አራተኛው እሑድ ደረሰ። መርገጫዎቹ ወረዱ። ዜማው ተነሣ፣ ከፍ አለ፣ ይቋረጥበት የነበረውን አለፈ። ነሞምሳ ከራሱ የሞላው ግማሽ ከኦርጋኑ ጋር አንድም ሳይዛነፍ ገጠመ። ኦርጋኑ እሱን ተከተለ ወይስ እሱ ኦርጋኑን፣ ለይቶ የሚነግረኝ አላገኘሁም። መዘምራኑ የሶሬቲን ቃል ዘመሩ። የመጨረሻው ድምፅ ረዘመ። ግራው መርገጫ ዘግይቶ ወጣና ቆመ። ቀና ብዬ ሰሌዳውን ሳይ አራተኛው ቦታ ባዶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰባት እሑድ አለፈ፤ ኦርጋኑ ድምፅ አላሰማም። ሰው ሁሉ «ዐረፈ» ይላል። እኔ ግን ባይጨርሱለት በየእሑዱ ይመጣልኝ ነበር ብዬ ሦስቱንም የምቀየምበት ቀን አለ።

አሁን ሽማግሌዎቹ «ኦርጋኑ አይቃጠልም፤ ቁልፉን የሚይዘውን ግን አንቺ ንገሪን» ብለውኛል። ነሞምሳ «ዜማ ከሌለ ቃሉ ምን ላይ ይቀመጣል?» ይላል። ሂርጳ «ለሌላ ሰው ብትሰጪ ኮቱን ፈትቼ እወስዳለሁ» ብሎ ዝቷል። ሶሬቲ አልጠየቀችም፤ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች።

የጀመረውን የጨረሰው የትኛው ነው? ጆሮውን የሰጠው፣ ኀፍረቷን የሰጠችው፣ ወይስ የእኔን ኮት ወስዶ ትንፋሽ የሰጠው? ቁልፉ አሁንም አንገቴ ላይ ነው፤ ለማን ይገባል?

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው እንደማይጸለይ አውቃለሁ፤ ቄሱም ነግረውኛል። እናንተ ግን ተከራክራችሁ ስትጨርሱ፣ ለያደታ አንድ ጊዜ ጸልዩለት።