መታጠፊያው ላይ የምትቆመው መኪና

አሮጌ መኪና የነበረው አንድ ሰው ነበረ። ጎረቤቱም አሮጌ መኪና ነበረው። ሁለቱን መኪናዎች በአንድ ቀን ከአንድ ነጋዴ ነው የገዟቸው፤ ቀለማቸው እንኳ አንድ ነበር። አስናቀ፣ ከወንድምህ ጋር የውርስ መሬታችሁን ልትቀያየር ፈልገህ ነውር ይሆን ወይ ብለህ የጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ። መልሱን እስክደርስበት ግን አታቋርጠኝ።

ሰዎቹ የሚኖሩት ከረጅም ዳገት ግርጌ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። ገበያው ዳገቱ አናት ላይ ስለሆነ የሁለቱም ሥራ ገበያተኛ ጭኖ መውጣትና መውረድ ነበር። አንደኛውን መኪናው አስለቀሰችው። መስከረም ላይ ፍሪሲዮኗ ያልቃል። እሱን ሲያስቀይር ካምቢዮዋ መንኳኳት ይጀምራል፤ ካምቢዮዋ ሲሠራ ፍሬኗ ይላላል፤ ፍሬኗ ሲጠብቅ ባትሪዋ አልነሳም ይላል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ራሱን ነቀነቀ ማለት፣ ያን ወር እዚያ ቤት ሥጋ አይገባም ማለት ነበር። ሚስቱ «ከልጆቹ ይልቅ እሷ በላች» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው።

ይህን ሁሉ ይችለው ነበር። ያልቻለው የጎረቤቱን መኪና ነው። እሷ ጋራዥ አታውቅም። ሰውየው ጠዋት ጠዋት ገና ከአልጋው ሳይወርድ ጆሮውን ወደ አጥሩ ይጥላል። «ዛሬስ አትነሺ!» ይላል በሆዱ። እሷ ግን ቁልፍ እንደነካት ትነሳለች። በጎረቤት ላይ እንዲህ መመኘቱ ያሳፍረው ነበር፤ ቢያፍርም መመኘቱን አልተወም።

ደግሞ የመታጠፊያው ነገር አለ። ዳገቱ መሃል ላይ ሲደረስ መንገዱ ይታጠፍና፣ ከላይ ያለችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ይላል። የዚያ አገር ሾፌር እዚያ ሲደርስ ሬዲዮውን ይዘጋል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ተሳፋሪው ያማትባል፤ ከዚያ ጉዞ ይቀጥላል። ጎረቤትየው ግን ጭራሽ መኪናውን ያቆማል። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ይሳለማል፤ አሮጊቶቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያርፋሉ፤ ሾፌሩም ቆቡን አውልቆ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጸሎት ያደርሳል። ይህ ነገር በአገሩ ሁሉ ስሙን አስጠራው። «የእሱ መኪና የማትሰበረው ማርያምን ሳይሳለም ስለማያልፍ ነው» ተባለ። የኛ ሰውዬ ባዶ ወንበር ይዞ ገበያተኞቹ አጠገብ ሲቆም እንኳ «የለም፣ ይቅናህ፤ እኛ እሱን እንጠብቃለን» ይሉት ጀመር።

አንጀቱ አረረ። «ለታይታ ነው! አሁን እኔ ክርስቲያን አይደለሁም?» ይላል ለሚስቱ። ለእልሁ ብሎ መታጠፊያው ላይ ፍጥነት መቀነሱንም ተወ። ጎረቤቱ ቆሞ ሲጸልይ ካገኘው ጥሩምባውን ለቆበት ያልፋል። ጎረቤትየው ግን እጁን አንስቶ ሰላም ይለዋል፤ ይህም የባሰ ያናድደዋል።

ሰባት ዓመት እንዲህ ኖሩ። በሰባተኛው ዓመት የሰውየው ልጅ ልትዳር ሆነ። የሙሽራው አገር ከዳገቱ በላይ ነው፤ መኪና ስለሌላቸው ሙሽራው በእግሩ ወርዶ በሙሽራዪቱ ወገን መኪና ይዟት እንዲወጣ ሽማግሌዎች ተስማሙ። አባትየው ደስ አለው። አገር እያየ ልጁን በራሱ መኪና የሚያወጣበት ቀን መጣ።

በዚያው ሰሞን ራዲያተሩ ፈነዳ። ያ ራዲያተር ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ተበይዷል። መካኒኩ አየውና «ጋሼ፣ ይህ ከእንግዲህ ብየዳ አይችልም፤ አዲስ ይግዙ» አለው። በቤቱ ገንዘብ አልነበረም። ሚስቱ ከሳጥኗ ውስጥ የአንገት ሐብሏን አውጥታ ሰጠችው። በሠርጉ ቀን ልጇ አንገት ላይ ልታጠልቀው ያስቀመጠችው ነበር። ሐብሉ ተሸጠ፤ አዲስ ራዲያተር ተገዛ።

ያን ቀን ማታ በራት ላይ «እኔ ራሴ ነኝ የማወጣችሁ» ብሎ ለልጁ ነገራት። ልጅቷ አቀረቀረች።

«አባዬ፣ አንተ ለምን ትደክማለህ? ጎረቤት ጋሼ ይውሰደን። ያንተዋ መንገድ ላይ ብትቆምብንስ?»

ክፉ አስባ አልነበረም፤ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። ሌላ ሰው ብሎት ቢሆን ይጣላው ነበር። ልጁ ስትለው ግን ተነስቶ እጁን ታጠበ፤ ራቱንም አልጨረሰም።

በማግስቱ፣ በሠርጉ ዋዜማ፣ ወደ ጋራዥ ሄደ። መኪናው ቆማለች። ከጎኗ፣ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ የጎረቤቱ መኪና ቆማለች። ጎረቤቱ ሙሽራ ልጭን እችላለሁ ብሎ ፍሬኗን እንዲያዩለት ትቷት መሄዱ ነው።

«ራዲያተርዎ ገብቷል፣ ጋሼ» አለ መካኒኩ። «አሁን ይዘዋት ይውጡና ዳገቱን ይሞክሩት።»

ሰውየው አልሰማውም። ዓይኑ የጎረቤቱ ሞተር ላይ ተተክሏል። ራዲያተሩ ጠቁሯል፣ አቧራና ዘይት ጠግቧል፤ የፋብሪካው ማኅተም ግን አሁንም ይነበባል።

«ይህን ስንት ጊዜ በይደኸዋል?» ሲል ጠየቀ።

«የሱን? ነክቼው አላውቅም። ለራዲያተር ብሎ መጥቶ አያውቅም።»

«ኦሪጅናል!» አለ ሰውየው።

አስናቀ፣ አትሳቅ። ይህ ቃል እኛ አገር ስንቱን ሰው እንዳሳበደ አንተም ታውቃለህ። ከሱቅ በካርቶኑ የገዛነውን አዲስ ዕቃ «ፎርጅድ ይሆን?» ብለን እናገላብጠዋለን፤ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ዝገት ግን ኦሪጅናል ነው ከተባልን አቅፈነው እንሄዳለን። ሰውየው ሰባት ዓመት ሲፈልገው የኖረውን ምሥጢር ያገኘ መሰለው። ጸሎቱም አይደለም፣ ዕድሉም አይደለም፤ ዕቃው ነው!

«ቀያይርልኝ» አለው። «የኔን ለሱ፣ የሱን ለኔ።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ባለቤቱ ሳያውቅ፣ ጋሼ?»

«ሰረቅሁት እንዴ? አዲስ እሰጠዋለሁ፣ አሮጌ እወስዳለሁ። ማን ተጎዳ? ሠርጉ ይለፍና እኔው እነግረዋለሁ።»

«እሺ፣ ቢያንስ የራስዎን አንድ ጊዜ ይሞክሩት። የገዙትን ዕቃ ሳያዩት…»

«ለሱ ታደላለህ ማለት ነው?» አለ ሰውየው፤ ዓይኑ ደም ለበሰ። መካኒኩ ሰባት ዓመት ሙሉ እንጀራውን ያገኘው ከዚህ ሰው መኪና ነው፤ እምቢ ሊለው አልቻለም። መፍቻውን አነሳ።

ሰውየው ቤቱ ገብቶ መኪናዋ መንገድ ላይ እንደማትቆም ለልጁ ማለላት። እሷም አባቷ እንዲህ ሲምል አይታው ስለማታውቅ እሺ አለች። ጎረቤቱም ሲነገረው «አባት ልጁን ቢያወጣ ምን ይገርማል! እኔ ሚዜዎቹንና ሽማግሌዎቹን ይዤ እከተላለሁ» አለ። እንዲያውም ትልቅ ሸክም የወረደለት ሰው ይመስል ነበር። ሰውየው ግን ይህንንም ንቀት ነው ብሎ ተረጎመው።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት መኪናዋ በአበባ አጊጣ ተነሳች። ሙሽሮቹ ከኋላ፣ የሙሽራዪቱ አክስት ከፊት ተቀምጠዋል። ሰው በየበሩ ወጥቶ እልል ይላል። ሰውየው በመስተዋቱ ጎረቤቱ ከኋላ ሲከተለው ያያል፤ ባየው ቁጥር ነዳጁን ይረግጣል። መኪናዋ ዳገቱን ስትወጣ አንድም ነገር አልተንኳኳም። ሰባት ዓመት ታፍኖ የኖረ ትንፋሹ ወጣለት።

መታጠፊያው ላይ ጉልላቱ ብቅ አለ።

«ቁም እንጂ፣ እንሳለም!» አለች አክስትየዋ። «የሙሽራ ቀን አይደለም እንዴ?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብተን እንሳለም የለ!» አለና ጭራሽ ፈጠነ።

ከመታጠፊያው ብዙም አላለፈም። መጀመሪያ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ከኮፈኑ ስር ነጭ እንፋሎት ወጥቶ መስታወቱን ሸፈነው። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ቆመች። አክስትየዋ ጮኸች። ልጅቷ አልጮኸችም፤ ቬሏን ሰብስባ ወርዳ መንገዱ ዳር ቆመች፤ አባቷን ላለማየት ቁልቁል ታያለች። ለሰውየው ከእንፋሎቱ ይልቅ ያቃጠለው ይህ ነው።

ጎረቤትየው ደረሰ። ወዲያው ወርዶ ከኋላ ቢጫ ጀሪካን አወጣና እየሮጠ መጣ። ሰውየው የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል እጁን ያዘው።

«አትንካው፣ ያቃጥልሃል! ይቀዝቅዝ መጀመሪያ። ምነው ታዲያ መታጠፊያው ላይ ሳትቆም?»

«ስለ ጸሎት አሁን አታውራኝ» አለ ሰውየው።

ጎረቤትየው ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምን ጸሎት! ራዲያተሬ ቀዳዳ ነው፣ ወንድሜ። ከገዛኋት ጀምሮ ቀዳዳ ነው። መጀመሪያ ቀን እዚህ አፍልታ ቆመችብኝ፤ ተሳፋሪው ለመሳለም የቆምሁ መሰለውና ወርዶ ተሳለመ፣ መረቀኝ። ምን ልበላቸው? እኔም ቆቤን አወለቅሁ። ይኸው ሰባት ዓመት እሷ እስክትቀዘቅዝ ጸሎቴን አስረዝማለሁ፤ ሰው ዘወር ሲል ውኃ እጨምራለሁ። ማስቀየሪያ ከየት አባቴ ላምጣ? አንተ በየወሩ ጋራዥ ስትገባ ባየሁ ቁጥር፣ የታደለ፣ የተበላሸውን ማሠራት ይችላል እያልሁ ስቀናብህ ነው የኖርሁት።»

ሰውየው ዓይኑን ከእንፋሎቱ ስር ወዳለው ራዲያተር መለሰ።

«ዛሬ ግን ነገሩ አልገባኝም» አለ ጎረቤትየው፤ ፊቱ በራ። «እስቲ ኮፈኔን ንካው። አልጋለም! ሜዳ እንደሚሄድ ነው የወጣችው። ማርያም ሙሽራዪቱን አይታ ይሆናል።»

ሰውየው ሊናገር አፉን ከፈተ። ነገር ግን ሙሽሮቹ ቆመዋል፣ ቄሱ ይጠብቃሉ፣ ሚዜዎቹም ከጎረቤቱ መኪና እየወረዱ ቦታ ይለቁ ነበር። ልጅቷ ገባች። በሩ ተዘጋ። መኪናዋ ያለ አንድ ድምፅ ዳገቱን ወጣች። እናቷ ያስቀመጠችላት ሐብል አንገቷ ላይ አልነበረም፤ ከፊቷ ከኮፈኑ ስር ሆኖ ሽቅብ ይወስዳት ነበር። ይህን የሚያውቀው መንገድ ላይ የቀረው አባቷ ብቻ ነው።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ የሚሠራው ሥራ አልነበረውም። ጀሪካኑን እንደያዘ ወደ መታጠፊያው ወረደ። በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ቆመ። ከላይ እልልታ ሲሰማ ቆቡን አወለቀ።

እንግዲህ አስናቀ፣ ወዳንተ ልመለስ። የወንድምህ ድርሻ ለም ነው፣ የኔ ደረቅ ነው አልኸኝ። እንዲለዋወጠኝ ሽማግሌ ይሁኑኝ አልኸኝ። ያንተ መሬት ላይ ያስቆፈርኸው ጉድጓድ ውኃ ያወጣው ባለፈው ወር አይደለም? ለቁፋሮው ስትል ጥጃዎችህን አልሸጥህም? በዚያ ውኃ እስካሁን አንዲት ችግኝ አጠጥተሃል? አላጠጣህም። የሐብሉን ራዲያተር ፈትተህ ልትሰጥ ነው የመጣኸው።

ወንድምህ ደግሞ ረፋዱ ላይ ሥራውን አቁሞ ከእርሻው ዳር ከመንገደኛ ጋር ሲያወራ ታየዋለህ። «ጌታ ሆኗል፣ መሬቱ ራሷ ትሠራለታለች» አልኸኝ። ለምን እዚያ እንደሚቆም ጠይቀኸው ታውቃለህ? እኔ አውቃለሁ፤ ጌትነት አይደለም። ግን አልነግርህም፤ ሄደህ አንተው ጠይቀው፣ ወንድምህ ነው። ከዚያ በራስህ ውኃ አንድ ዓመት አርሰህ ተመለስ። ያኔም እንለዋወጥ ካልህ፣ ከፊት ሆኜ የምሄድልህ ሽማግሌ እኔ ነኝ።