ከበርጩማ ሥር የኖረ መዝሙር

አንድ የማርሽ ባንድ አለቃ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ደምለው፣ ነገሩን የክፉ ሰው ታሪክ ነው ብለህ ከራስህ እንዳታርቀው ብዬ ነው። «የኔታ፣ ሰውን ላለማስቀየም እሺ ማለት ምን ነውር አለው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብለህም ተረትክብኝ። ተረቱን አውቀዋለሁ፤ እኔም ስተርተው ኖሬአለሁ። አሁን ግን አፍህን ይዘህ ስማኝ።

ሰውየው የሚኖርባት ከተማ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ነበረች። ሐይቁን ስድስት አገሮች ይካፈሉታል፤ በየአራት ዓመቱም የስድስቱም ልጆች እዚያች ከተማ ተሰብስበው ይወዳደራሉ። ሩጫ አለ፣ ዋና አለ፣ ትግል አለ፣ ጦር ውርወራ አለ። ያሸነፈ ሰው መድረክ ላይ ይወጣል፤ የአገሩ ባንዲራ ቀስ እያለ ይሰቀላል፤ ባንዱም መዝሙሩን ይነፋለታል። ባንዲራ ጎታቾቹ ገመዱን የሚስቡት ጆሯቸውን ለመዝሙሩ ሰጥተው ነው። መዝሙሩ ሲያልቅ ባንዲራው ጫፍ መድረስ አለበት፤ ደንቡ ይህ ነው።

አምስቱ አገሮች ትልልቅ ናቸው። ስድስተኛዋ ከሐይቁ ማዶ በሸምበቆ መሀል ያለች፣ ጉም የማይለያት ትንሽ አገር ነች። ሰዎቿ ዓሣ በጦር እየወጉ ይኖራሉ። ለውድድሩ የሚመጡት በታንኳ ነው፤ ቢበዙ አሥራ አንድ ቢሆኑ ነው። ከጉሙ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ሲያበቃም እዚያው ጉም ውስጥ ይገባሉ። የከተማው ሰው፣ በእርግጥ መጥተው ነበር ወይስ መስሎን ነው እየተባባለ ይቀራል። አንድም ቀን አሸንፈው አያውቁም ነበር።

የባንዱ አለቃ በተሾመበት ዓመት የእነዚህ ሰዎች መሪ የሆኑ ሽማግሌ ወደ እሱ መጥተው አንድ ወረቀት በሁለት እጃቸው ሰጡት። በእጅ የተጻፈ ኖታ ነው።

«መዝሙራችን ነው ልጄ» አሉት። «ከመሞቴ በፊት በሰው አገር ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ብሰማው ሌላ የምፈልገው የለኝም። ታጠኑልኛላችሁ?»

«እሺ አባቴ፣ ምን ችግር አለ» አላቸው።

ሽማግሌው በሸምበቆ ቅጠል የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ ከብብታቸው አውጥተው ሰጡት። እጁንም ይዘው ቆዩ።

ያን ዕለት የአለቃው በርጩማ አንድ እግሩ አጥሮ እየተንገጫገጨ አስቸግሮታል። ዙሪያውን ቢያይ ለመደገፊያ የሚሆን ነገር አጣ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈና «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ከእግሩ ሥር አስገባው። በርጩማው ረጋ። ውድድሩ አለቀ፣ የሸምበቆ አገር ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፣ ወረቀቱም እዚያው ቀረ።

በአራት ዓመቱ ሽማግሌው መጥተው «መዝሙራችንን አጠናችሁት?» ሲሉት «አጥንተነዋል አባቴ» አላቸው። ምን ይበላቸው? የለም ቢል ይከፋቸዋል። ደግሞስ መች ያሸንፋሉ። ሰውየው ሆደ ቡቡ ነው፤ የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት አይችልም። ሐሰት የተናገረም አልመሰለው፤ ሽማግሌ ያስደሰተ ነው የመሰለው። አሁንም ያመጡለትን ዓሣ ወስዶ ከልጆቹ ጋር በላ፤ ጣፈጠው።

በሦስተኛው ውድድር ሽማግሌው በምርኩዝ መጡ። ከበሮ መቺው «አለቃ፣ የእኚህን ሰውዬ ዜማ አንድ ቀን እንኳ እንሞክረው እንጂ» ቢለው፣ «እነሱ ወርቅ ያገኙ ዕለት እኔ ራሴ አፏጨዋለሁ» ብሎ ባንዱን ሁሉ አሳቀበት። በአራተኛው ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጧቸው። ዓይናቸው ፈዟል። እጁን ዳብሰው አገኙትና «አሁንም ታውቁታላችሁ?» አሉት። «በቃላችን ይዘነዋል አባቴ» አላቸው።

እኔ አርባ ዓመት ዜማ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አንድ ዜማ በቃል ለመያዝ ስንት ዱላ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ይህችን ቃል በሰማሁ ቁጥር ያናድደኛል።

በአምስተኛው ውድድር ሽማግሌው አልመጡም። እውነቱን ልንገርህ፣ አለቃው ቀለል አለው። የሚጠይቀው ሰው የለም፤ እሺ የሚለውም የለም።

የመጨረሻው ቀን ወደ ማምሻው ላይ ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ ሜዳው ውስጥ ገባ። ተወዳዳሪዎቹ እስከ ጉልበታቸው ነጭ ነገር ውስጥ ሲራመዱ እግር የሌላቸው ይመስሉ ነበር። የሕዝቡ ድምፅ ከሌላ አገር የሚመጣ ይመስል ነበር። አለቃው ነቅቶ ይሁን ተኝቶ ለራሱም አልለይልህ አለው። የቀረው ጦር ውርወራ ብቻ ነበር። አንዲት የሸምበቆ አገር ወጣት ወጣች። ትንሽ ሮጠችና ዓሣ እንደሚወጋ ሰው ጎንበስ ብላ ወረወረች። ጦሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ጉሙ ውስጥ ገባ። ሲወድቅ አልተሰማም። ሕዝቡ ጆሮውን አቅንቶ ጠበቀ፤ ምንም የለም። ዳኞቹ ሜትራቸውን እየጎተቱ ጦሩን ፍለጋ ጉሙ ውስጥ ገቡ። ሜትሩ አልቆ ሌላ ሜትር ተላከላቸው። ብዙ ቆይቶ፣ ከሩቅ፣ «እዚህ ነው» የሚል ድምፅ መጣ።

ወርቁ የእሷ ሆነ።

ልጅቷ መድረኩ ላይ ወጣች። ጎታቾቹ ገመዱን ያዙ። የባንዱ ሰው ሁሉ ዞሮ አለቃውን አየው። አለቃውም ከበርጩማው ተነሣና ተንበርክኮ ወረቀቱን ከሥሩ ሳበው። አሥራ ስድስት ዓመት ተቀምጦበታል። ያጠፈው ቦታ ተበልቷል፤ የታችኛው ግማሽ ከእርጥበቱና ከእንጨቱ ጋር ዱቄት ሆኗል። የተረፈው የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው።

ያለውን ያዙና ጀመሩ። ባንዲራው መውጣት ጀመረ። ዜማው እንዴት ያለ ውብ ዜማ መሰለህ፤ ውኃ ላይ ቀስ እያለ እንደሚሄድ ታንኳ ነው። የሚነፉት ራሳቸው ተገረሙ። ከዚያ ወረቀቱ አለቀ። አንዱ ጥሩምባ ዝም አለ፣ ሌላውም ዝም አለ፣ ከበሮው ብቻውን ሁለት ጊዜ መታና እሱም ቆመ። ጎታቾቹም ደንባቸው ነውና እጃቸውን አቆሙ። ባንዲራው በእንጨቱ ግማሽ ላይ ቀረ።

ሕዝቡ ሰው የሞተ መሰለው። የተቀመጠው ተነሣ፤ ኮፍያ ያለው ኮፍያውን አወለቀ። ያ ሁሉ ሰው ጉም ውስጥ ራሱን ደፍቶ ቆመ።

ያን ጊዜ ልጅቷ የቀረውን ብቻዋን በአፏ ዘመረችው። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። ጎታቾቹ ድምፅዋን ተከትለው ገመዱን ሳቡ፤ ስትጨርስ ባንዲራው ጫፍ ደረሰ።

ከመድረኩ ወርዳ በቀጥታ ወደ አለቃው መጣች። ይህ ሰው ስድብ ጠብቆ ነበር። ብትሰድበው በተሻለው።

«ግማሹ ተረሳዎት መሰለኝ» አለችው በለሰለሰ ድምፅ። «ብዙ ዓመት ነው፤ ሰው ይረሳል። አያቴ ባለፈው ክረምት አረፉ። እስከ መጨረሻው ስለ እርስዎ ነበር የሚያወሩት። ‹እዚያ ከተማ መዝሙራችንን በቃሉ ይዞ የሚጠብቀን ሰው አለ፤ ሰው እያስጠበቁ መቅረት ነውር ነው› ይሉን ነበር። የመንደራችን ልጅ ሁሉ ጦር አርቆ መወርወር የተማረው ለዚህ ነው። ይህንንም ስጪልኝ ብለውኛል።»

በሸምበቆ ቅጠል የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ ነበር።

እሺ ሊላት አፉን ከፈተ። አልወጣለትም። ዓሣውን ይዞ እንደቆመ እነሱ ታንኳቸው ላይ ወጡ፤ ጉሙም ዋጣቸው። ሲቀመጥ በርጩማው ተንገጫገጨ። ከዚያ ወዲያ አናጢ እንጥራልህ ቢሉት እንቢ አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ እየተንገጫገጨ ኖረ። የዜማውን ሁለተኛ ግማሽ ከልጅቷ አፍ አንድ ጊዜ ሰምቶት ነበርና ሊያስታውሰው ይሞክር ነበር አሉ። አንድ ጊዜ የተሰማ ዜማ ደግሞ አይያዝም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ደምለው። የባንዱ አለቃ አንተ ነህ። አክስትህ ወይዘሮ ዘርፌ እናትህ ከሞተች በኋላ ያሳደገችህ ሴት ነች። በየዓመቱ ስልክ ደውላ «ለገና ትመጣልኛለህ?» ትልሃለች፤ አንተም እንዳይከፋት «እሺ እትዬ» ትላታለህ። ስድስት ዓመትህ። ስልኩን ስትዘጋ ነገሩ ያለቀ ይመስልሃል። አንተ ዘንድ ነው ያለቀው። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቷ ለዳኝነት መጥቶ እዚህ እኔ ዘንድ አርፎ ነበር። ቤቷን በየዓመቱ ለአንተ ትመርጋለች አለኝ። መደቡ ላይ ሰው አታስቀምጥም፤ የደምለው ነው ትላለች። ለአንተ ያቆየችው አውራ ዶሮ አርጅቶ መጮህ ትቷል። አትሳቅ።

እንቢ ብትላት አንድ ቀን ታለቅስ ነበር፤ በማግስቱ ዶሮዋን አርዳ ከጎረቤቶቿ ጋር ትበላ ነበር። አንተ ግን እንዳይከፋት ብለህ ስድስት ዓመት ደጅ ላይ አቆምካት። እሺ ያልከው ሰው እሺህን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ይኖርበታል፤ ልጅ ያሳድግበታል። አንተ በርጩማህን ታረጋበታለህ።

እሺ የኔታ ልትለኝ አፍህን ስትከፍት አየሁህ። ተወው። የእሷ አገር መኪና የሚነሣው ከገበያው ጀርባ ነው፤ ገና አልሞላም። ተነስ።