የወፍጮ ቤት መታጠፊያ ችካል

የወፍጮ ቤት መታጠፊያን ሰው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ መምከር አይቻልም። ምክሩ ሳያልቅ አንዱ ሳቁን ያፍናል፤ ሌላው ደግሞ ከእኛ ሰፈር ውጭ የማይታወቅ አባባል ይመልሳል። እንግዳ ሲሰማው ግራ ይገባዋል። እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ፤ በቦታው ነበርኩ፤ እንዲያውም እጄ አለበት።

ከውጭ ትምህርቴን ጨርሼ በተመለስኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ መታጠፊያውን ማስፋት ተጀመረ። ከገበያ፣ ከመናኸሪያና ከቤተ ክርስቲያን የሚመጡት ሦስት መንገዶች የሚገናኙት እዚያ ነው። ጋሪው ከባጃጁ እየተጋፋ ስንት ሰው ገጭቷልና መስፋቱን የጠላ አልነበረም። የጠላነው አሠራሩን ነው። መጀመሪያ በአንዳንድ አጥሮች ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ፤ በሳምንቱ ባለቤቶቹ ተነሡ። ቀጥሎ የውኃ ቧንቧ ተቆረጠ። «ለሦስት ቀን ነው» ተባልን፤ አምስት ሳምንት ጀሪካን ተሸከምን። በየደጃችን በተቆፈረው ጉድጓድ ላይ ሳንቃ አጋድመን መሻገር ጀመርን። ከዚያ ወዲያ የሚነገረንን ሁሉ ገልብጠን መስማት ለመድን።

ከሁሉም ይበልጥ የጨነቃቸው ልብስ ሰፊው ጋሽ ዘገየ ነበሩ። ቤታቸው መንገዱ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ነው። በፊተኛዋ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የሰፉባት የስፌት መኪና አለች። የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ የሚለብሰው ከእሷ የወጣ ዩኒፎርም ነው። ያች ክፍል ከሄደች ጋሽ ዘገየ የሚበሉበት ሌላ እጅ የላቸውም።

አንድ ጠዋት ወጣቷ ቀያሽ መጥታ በመንገዱ ዳር ዳር ደረት የሚደርሱ፣ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተከለች። አንዱ ልክ ከጋሽ ዘገየ በረንዳ ጥግ ፊት ሆነ።

«ምንድን ነው ይኼ፣ ልጄ?»

«ችካል ነው ጋሼ። የቁፋሮ ማሽኑ ከዚህ ወዲህ አያልፍም። ጠባቂዬ ነው ይበሉት።»

«ቀይ ቆብ ያደረገ ጠባቂ አይቼ አላውቅም። የነፀዳለ አጥር ቀይ በተቀባ በሳምንቱ ፈረሰ።»

«ያ ሌላ ነው። ይኼ የማይነካውን ነው የሚያሳየው።»

«ቀለሙ ግን ከአንድ ቆርቆሮ ነው የተቀዳው» አሉ ጋሽ ዘገየ።

እሷ ሳቅ ብላ ወደሚቀጥለው ችካል ሄደች። እሳቸው አልሳቁም፤ ቀጥ ብለው እኔ ዘንድ መጡ።

«አንተ ባሕር ማዶ የተማርከው፣ ምን ትላለህ?»

የተማርኩት ስለ መንገድ አልነበረም። ቢሆንም ሲጠይቁኝ ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ፕላኑን አሳየችዎት?» አልኳቸው።

«አላሳየችኝም።»

«እንግዲያው አይመኗት።»

«እኔስ ምን አልኩ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።» ሊወጡ ሲሉ ከደጄ ጥግ የተጣለ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አዩ። «ይኼን ትፈልገዋለህ?»

«ይውሰዱት» አልኩ። መንግሥትን፣ ቀያሿን፣ ችካሉን ስጠራጠር ያንን ጣሳ ግን አልጠረጠርኩትም።

በማግስቱ ስናይ ጣሳው ችካሉ አናት ላይ ተደፍቷል። በእኛ አገር ደጅ ላይ በቆመ እንጨት ጣሳ ከተደፋ ቤቱ ጠላ ቤት ነው፤ ማንም ያውቀዋል። የጋሽ ዘገየ ሐሳብ ግልጽ ነበር። ችካል የነቀለ ይቀጣል፤ ጣሳ የደፋን ግን ማን ይቀጣዋል? ቀዩ ካልታየ ደግሞ ማሽኑ ቤቱን አያውቀውም።

ከማዶ ጠላ የሚሸጡት እትዬ አትጠገብ ወገባቸውን ይዘው ቆመው አዩአቸው። «ጋሽ ዘገየ፣ መርፌው አልበቃ ብሎ ጌሾ ሊወቅጡ ነው?»

«ዝም በይ አትጠገብ። ጠላ አይደለም፣ ብልሃት ነው።»

«ታዲያ ብልሃቱ ደርሷል ወይስ ገና እየፈላ ነው?»

የመንገዱ ሠራተኞች አቧራ ጠጥተው የሚውሉ ናቸውና ጣሳውን ባዩ ቁጥር ጎራ ይላሉ። «አባባ፣ ጠላ አለ?» ጋሽ ዘገየ ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ «አልደረሰም» ይላሉ። በአራተኛው ቀን አንዱ «የእርስዎ ጠላ ከመንገዱ በፊት ይደርስ ይሆን?» ብሎ ሄደ። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸዋል። ችካሉን አንድም ሰው ችካል ብሎ አልጠራውም።

ቅዳሜ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቀብር ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ጋሽ ዘገየም በራቸውን ቆልፈው መጡ። ስንመለስ ከጥጉ በኩል አቧራ ቆሞ አየን፤ ጋሽ ዘገየ ጋቢያቸውን ሰብስበው መሮጥ ጀመሩ።

ማሽኑ የጎርፍ ቦይ እየቆፈረ ነበር። ከገበያው በኩል ካለው ችካል ተነሥቶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ወዳለው ችካል ቀጥ ብሎ ሄዷል። በመሐል ያለው ጥግ ተቆርጧል። በረንዳው የለም፤ የፊተኛዋ ክፍል ግድግዳ የለም። የስፌት መኪናዋ ተገልብጣ ቦዩ ውስጥ ወድቃለች፤ ከመርፌዋ ሥር ያላለቀ የዩኒፎርም አንገትጌ ተንጠልጥሏል።

የማሽኑ ነጂ ወረደ። «ከቀይ እስከ ቀይ ቆፍር ነው የተባልኩት። እዚህ መሐል ቀይ አላየሁም። በሩም ዝግ ነው፤ እንደሌሎቹ የለቀቁ መሰለኝ።»

ቀያሿ እየሮጠች ደረሰች። «እዚህ ጥግ ላይ ችካል ነበረ፤ አላየህም?»

«የጠላ ቤት ጣሳ ነው ያየሁት።»

እሷ ወደወደቀው እንጨት ጎንበስ ብላ ጣሳውን ነቀለችው። ጫፉ አሁን እንደተቀባ ቀልቷል። ከዚያ ከቦርሳዋ ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችው። የጋሽ ዘገየ ቤት ከመስመሩ ውጭ ነው፤ መስመሩ ጥጉን ዞሮ ያልፋል። እኔ ያን ጊዜም አላመንኩም፤ ወረቀቱ ላይ ቀኑን ፈለግኩ። የተሠራው ከሦስት ወር በፊት ነበር።

«ልጄ» አሏት ጋሽ ዘገየ፣ «ይኼን ያኔ ብታሳዪኝ ምን ነበረበት?»

«ማንም አልጠየቀኝም፣ ጋሼ።»

ጋሽ ዘገየ ወደ እኔ ዞሩ።

እትዬ አትጠገብ ጣሳውን ከመሬት አንሥተው፣ አፈሩን አራግፈው፣ የማን እንደሆነ ያወቁ ይመስል እጄ ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያም የፈረሰውን ጥግ እያዩ፣ «ሌላው ሳይጠረጥር ተመነጠረ፤ የኛ ሰው ጠባቂውን ጠርጥሮ ጣሳ ደፋበት» አሉ።