ሐምራዊ ብርሃን ያለው አምፖል

አንድ ማየት የተሳናቸው አዛውንት ነበሩ። ውሏቸው ሁሉ ከአንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ጋር ነው። ማጫወቻው ድምፅ የሚያጎላው እንደዛሬዎቹ ሳይሆን በውስጡ በሚግሉ የመስታወት አምፖሎች ነበር። አንድ ቀን አንደኛው አምፖል ተቃጠለና ቤቱ ጭር አለ። አዛውንቱ ምሳ አልበላም አሉ።

ሀብታም ልጃቸው ሌላ አምፖል ፍለጋ ወጣ። አባቱን ይወዳል፤ በዚህ አናማውም። መጀመሪያ የሄደው ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ንጋቱ ዘንድ ነው። ጋሽ ንጋቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ጽሑፉ የለቀቀ፣ አናቱ የጠቆረ አምፖል አወጡ።

«ከተበላሸ ሬዲዮ የፈታሁት ነው። በመለኪያ አይቼዋለሁ፣ ገና ብዙ ይሠራል። ቁጭ በልና ልሰካው፤ ድምፁን ስማው።»

«ጋሼ፣ ለአባቴ አሮጌ ይዤ ልግባ?» አለና ትቷቸው ሄደ።

መሀል ከተማ ባለ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ አምፖሎቹ በርተው ተደርድረዋል። ሁሉም ደብዘዝ ያለ ፍም ይመስላሉ፤ አንዱ ብቻ ሆዱን ሐምራዊ ብርሃን ሞልቶታል። የልጁ ዓይን እዚያ ላይ ቀረ። ነጋዴው «ምርጫ ያውቁበታል» አለው። እሱም ድምፁን ሳይሰማ አስጠቀለለው።

ቤት ወስዶ ሲሰካው የተሰበሰበው ዘመድ ሁሉ «ሲያምር!» አለ። አዛውንቱ ግን ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡ። ስንት ዘመን የሚያውቁት ዘፋኝ ጉሮሮውን የታነቀ ይመስላል።

«ምኑ ነው የሚያምረው?»

«ብርሃኑ ነው፣ አባባ። ሐምራዊ ነው። ቢያዩት...» አለ ልጁ።

ብዙም ሳይቆይ የሚቃጠል ነገር ሸተተና ማጫወቻው ዝም አለ። በማግስቱ ልጁ ተሸክሞት ወደ ጋሽ ንጋቱ ሄደ።

«ሐምራዊ የሆነው እኮ ውስጡ አየር ገብቶበት ነው» አሉት። «እንዲህ ያለው አምፖል ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል። ለማጫወቻው ኤሌክትሪክ የሚመጥነውን ትራንስፎርመር አቃጥሎታል። የዚህ ዓይነት ትራንስፎርመር ደግሞ አሁን አይገኝም።»

ልጁ በጣም አፈረ። ቤት ገብቶ ለአባቱ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ «አዲስ ማጫወቻ እገዛልዎታለሁ» አለ።

«ትገዛልኛለህ፣ አውቃለሁ» አሉ አዛውንቱ። «ግን ልጄ፣ ያንን እንኳ ዓይንህን ጨፍነህ ምረጥልኝ።»

ሰው የሚወደውን ሊያስደስት ይነሣና ራሱን ደስ ያሰኘውን ገዝቶ ይመለሳል። ስጦታው ውድ ከሆነ ደግሞ ስህተቱ አይታየውም፤ ተቀባዩም ይሉኝታ ይዞት ምንም አይልም። ከመስጠት ይልቅ የሚከብደው በተቀባዩ ቦታ ሆኖ መምረጥ ነው። እስቲ እርስዎም በቅርቡ ለሚወዱት ሰው የሰጡትን ያስታውሱ። የመረጡት በማን ዓይን ነበር?