አንዲት ጡብ ለፌቨን

ተረት ተረት፣ የኔትወርክ እጥረት።

ፌቨን የምትባል አራስ ነበረች። ሴት ልጇን ገና በሆዷ ሳለች "ሶልያና" እያለች ስታናግራት ነው የከረመችው። አማቷ እማማ ደብሪቱ ግን "የእናቴን ስም ነው የምትወርሰው፣ ይታክቱ ነው የምትባለው" አሉ። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ሽማግሌ ቢልኩ ሽማግሌዎቹም ለሁለት የሚከፈሉ ሆነና፣ ነገሩ በስልክ ጨዋታ ይለይ ተባለ። ጨዋታው በኢንተርኔት የሚጫወቱት የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ሁሉም በየከተማው ሆኖ በድርድር እንደ ጡብ፣ በግ፣ ጨውና እንጨት ያለ ዕቃ እየተለዋወጠ መንገድ ይሠራል። ያው የእኛ ነገር ሆኖ፣ ቀድሞ ባሕር የደረሰ ያሸንፋል። ያሸነፈ ለሕፃኗ ስም ያወጣል።

ፌቨን ጨዋታውን ገና እየለመደች ነበር። ቢሆንም በአንድ እጇ እያጠባች በአንድ እጇ ስትነካካ መንገዷ ባሕሩ አፍ ላይ ደረሰ። የጎደላት አንዲት ጡብ ናት። እማማ ደብሪቱም ከኋላ እየደረሱባት ነው።

ጡብ ያለው ባሏ ይርጋ ነው፣ እዚያው ሶፋው ላይ።

"ይርጋ፣ አንድ ጡብ ስጠኝ። ጡብ ያላየ መንገዴ ባሕር አልገባም አለ።"

"በግ አምጪና ውሰጂ።"

"ሚስትህ እኮ ነኝ።"

"ጨዋታ ላይ ሚስት የለኝም" አለ። የዚያን ቀን እራቱን ራሱ አሞቀ።

በግ ያላት የይርጋ እኅት ስንዱ ናት፣ ሐዋሳ ነው የምትኖረው። ፌቨን ደወለችላት።

"ስንድዬ፣ አንድ በግ ስጪኝ። በግ ያላየ ይርጋ ጡብ አልሰጥም አለ፣ ጡብ ያላየ መንገዴ ባሕር አልገባም አለ።"

"አንጀቴ ነሽ እኮ፣ የኔ ቆንጆ። ግን በጎቼ ጨው ካልላሱ አይንቀሳቀሱም። አንድ አሞሌ አምጪ።"

አንጀቴ ነሽ ካለ ሰው በግ ያገኘ የለም። እከክልኝ ልከክልህ ነው ነገሩ።

አሞሌ ጨው ያላቸው የቤተሰቡ የንስሐ አባት፣ አባ ወልደየስ ናቸው። ለዳኝነት ተጠርተው መጡ፣ ጥቂት አዩና ተጫዋች ሆነው ቀሩ።

"አባ፣ አንድ አሞሌ ይስጡኝ። ጨው ያላየች ስንዱ በግ አልሰጥም አለች፣ በግ ያላየ ይርጋ ጡብ አልሰጥም አለ፣ ጡብ ያላየ መንገዴ ባሕር አልገባም አለ።"

"ልጄ፣ ጨዉስ ነበረኝ። ግን ጨው ማውጫዬ ላይ ሽፍታ ተቀምጦበታል። ሽፍታ ከተቀመጠ አይቆፈርም፣ የጨዋታው ሕግ ነው። ጸለይኩበት፣ አልተነሣም።"

"ማነው ያስቀመጠው?"

አባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አማትሽ።"

ፌቨን ጭንቅ ያዛት። ከእኒህ ሴትዮ ጋር ስለ ስም ከተጣሉ ወዲህ በወጉ ሰላም አልተባባሉም። ልጅቷን አየቻት፤ "ይታክቱ" ተብላ ትምህርት ቤት ስትጠራ ታሰባትና እንባ እንባ አላት። ደወለች።

"እማማ፣ ሽፍታውን ያንሡልኝ። ሽፍታው ያልተነሣላቸው አባ ጨው አልሰጥም አሉ፣ ጨው ያላየች ስንዱ በግ አልሰጥም አለች፣ በግ ያላየ ይርጋ ጡብ አልሰጥም አለ፣ ጡብ ያላየ መንገዴ ባሕር አልገባም አለ።"

"አላነሣም።"

"ምን አጠፋሁ እማማ?"

"ባለፈው እንጨት ይውሰዱ ብለሽ ልከሽልኝ ነበር።"

"ልኬ ነበር። እርስዎ 'አይ' የሚለውን ነኩት።"

"ነካሁ። ታዲያ ሰው አይ ሲል ዝም ይባላል? እንግዳ በቃኝ ሲልሽ መሶቡን ታነሺበታለሽ? አባቴ ያወረሰኝ ክብር የለኝም መሰለሽ፣ ገና ሲላክልኝ እሺ የምል?"

"አይ ከተባለ እኮ ጨዋታው ራሱ ይዘጋዋል።"

"አሳዳጊ የበደለው ጨዋታ ነዋ።"

ፌቨን አሁን ገባት። እንጨቷን እንደገና ላከች። እማማ አይ አሉ። "በሞቴ" ብላ ጽፋ ላከች። አይ፣ በቃኝ አሉ። "አፈር ስሆን" ብላ ላከች። እማማ "ካልሽማ ምን አደርጋለሁ" አሉና "እሺ" የሚለውን ነኩ።

እንጨት ያዩ እማማ ሽፍታውን አነሡ፣ ሽፍታው የተነሣላቸው አባ ጨው ሰጡ፣ ጨው ያየች ስንዱ በግ ሰጠች፣ በግ ያየ ይርጋ ጡብ ሰጠ፣ ጡብ ያየ መንገድ ባሕር ገባ። ፌቨን አሸነፈች።

ቤተሰቡ በሙሉ በቪዲዮ ተሰበሰበ። "በይ ስሙን ንገሪን" ተባለች። ፌቨን የአማቷ ፊት ጥቁር ብሎ አየችና አሳዘኗት። ደግሞም አሁን ተምራለች፤ ወግ ይቅደም ብላ አንገቷን ሰበረች።

"እማማ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ስም አላወጣም። እርስዎ ያውጡላት" አለችና አይ እስኪሉ ጠበቀች። አይ ሲሉ አንዴ በሞቴ ልትል፣ ሲደግሙት "እንግዲያውስ ሶልያና" ልትል።

እማማ ደብሪቱ ግን እሳቸውም ጨዋታውን ለምደውታል። "እሺ" አሉ።

ይታክቱ ደኅና ናት፣ ጥርስ እያወጣች ነው። ተረቴን መልሱልኝ፣ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰኩልኝ።