የፊታውራሪው ደመና

ፊታውራሪ ድልነሳሁ ሳቅ የማያውቁ ቁጡ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው የሺመቤት የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል በየወሩ ሆድ እየባሳት፣ ራሷን እያመማት፣ በሆነ ባልሆነው እያለቀሰች ብታስቸግራቸው፣ በምላሷ የታወቀች አንዲት ጠላ ሻጭ አስጠሩና ግብር ላይ በተቀመጡት እንግዶቻቸው ፊት አቆሟት።

«ሚስቴ በየወሩ እንዲህ የምትሆንበትን ምክንያት ንገሪኝ። ዛር ነው ካልሽ ቤቴን አሰደብሽ፤ ጠባይዋ ነው ካልሽ ሚስቴን ነካሽ፤ እርስዎ ነዎት ካልሽኝ ጅራፉ ያውልሽ። ዝም ካልሽም ጠላ ቤትሽ ይዘጋል።»

ሴትዮዋን ከመጋረጃው ጀርባ የምታዳምጠው የሺመቤት አሳዘነቻት። እሷንም የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል እንደዚያው ያደርጋት ነበር።

«ጌታዬ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ሰማይ ይጠቁራል። የሴት ገላም ደሟ ሊወርድ ሲል ውስጥ ውስጡን ይለዋወጣል፤ የማንም ጥፋት አይደለም። ደመና እያየ እህሉን የሚያሰጣ ሰው ግን ዝናቡን ምን ብሎ ይከሳል? እርስዎም ግብር የሚያበሉት ሁልጊዜ ያን ሰሞን ነው።»

ፊታውራሪው ጅራፉን አነሱ። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ በይኛ?»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም። ብቻ እመቤቴ ዘንበው ያባራሉ። እርስዎ ግን ከተሾሙ ጀምሮ እንደጠቆሩ ነዎት፤ አልዘነቡ፣ አላባሩ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የሺመቤት ከት ብላ ሳቀች። ፊታውራሪው ያን ሰሞን ሳቋን ሰምተው አያውቁምና፣ ጅራፉን ቀስ ብለው አስቀመጡት።